ስለ ኮምፒዩተር መሣሪያዎችና ስለ ባለቤቶቻቸው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ስም የተነገረ ንግግር)



ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ድል ደኅና አድርገው ስለ ነገሯችሁ እኛ ወደዚያ አንመለስም። የምንናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ስለምንሠራባቸው መሣሪያዎችና መሣሪያዎቹም የማን እንደ ሆኑ ነው። ነገሩ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የልጆቻችሁ የፈተና ውጤት የሚቀመጠው በዚሁ መሣሪያ ውስጥ ስለ ሆነ ወላጆችንም የሚነካ ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንፍታ። ሶፍትዌር ወይም ፕሮግራም የሚባለው ለኮምፒዩተር የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ይህም ዝርዝር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበው ሲሆን የፕሮግራሙ ምንጭ ይባላል። ሁለተኛው ማሽኑ ብቻ እንዲረዳው ወደ ዜሮና ወደ አንድ የተለወጠው ነው። ወጥ የበላ ሰው ጣዕሙን ያውቃል፤ ነገር ግን ሽንኩርቱ ስንት እንደ ነበረ፣ በርበሬው መቼ እንደ ገባ፣ ቅመሙ ምን ምን እንደ ሆነ ሳሕኑን አይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ ባለሙያዋ ካልነገረችው በቀር። ብዙ ኩባንያዎች የሚሸጡልን ወጡን ብቻ ነው፤ አሠራሩን በጓዳቸው ይቈልፉበታል። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ግን ወጡን ከነአሠራሩ የሚሰጥ ነው። የተቀበለውም ሰው እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለው፣ ለጎረቤቱም እንዲያካፍለው በጽሑፍ ተፈቅዶለታል።

በዚህ ረገድ የአገራችን ገበሬ ከብዙ የከተማ ሰው ይሻላል። ሞፈሩ ቢሰበርበት እንጨት ቈርጦ ይጠርባል፤ ዕርፉ ቢረዝምበት ያሳጥራል፤ ማረሻው ቢዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ይወስደዋል፤ ያ ቀጥቃጭ ከአገር ቢሄድ ሌላ ቀጥቃጭ አያጣም። አንድ ሰው ከሩቅ አገር ተነሥቶ «ይህ ሞፈር የእኔ አሠራር ነውና ከመጪው ሰኔ ጀምሮ እንዳታርስበት» ሊለው አይችልም። በእኛ ትምህርት ቤት ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብን ነበር።

አንድ ኩባንያ፣ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ የተማሪዎችን ውጤት የሚመዘግብ ፕሮግራም ለትምህርት ቤታችን በነጻ ሰጠ። መምህራኖቻችን ሮስተር በእጅ ከመደመር ስለ ዳኑ ሁሉም ሰው ደስ አለው። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ለእኛ አገር ሰው የተሠራ አልነበረም። የቤተሰብ ስም እያለ ይጠይቃል፤ እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ልማድ የለንም። ስለዚህ አንዲት ተማሪ በአባቷ ስም፣ ወንድሟ ደግሞ በአያቱ ስም ተመዝግበው የሁለት ሰው ልጆች መስለው ተገኙ። በጳጉሜን የተወለደ ተማሪ ልደቱን ቢጽፍ እንዲህ ያለ ወር የለም ብሎ ይመልሰዋል። በጳጉሜን የተወለደው የክፍል ጓደኛችን «እንግዲያው እኔ ገና አልተወለድሁም» እያለ ያስቀን ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የፊደል ነገር ነው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ልጅ «ሀይሉ» ብለው ሲፈልጉት የለም ይላል፤ «ዓለሙ»ን «አለሙ» ሲሉትም እንዲሁ። ለኩባንያው ሁለት ጊዜ ተጻፈለት፤ መልስ አልመጣም።

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ የነጻው ጊዜ አብቅቷልና ክፈሉ የሚል ቃል ከኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ወጣ። የተጠየቀውም በውጭ ምንዛሪ ነበር። ያለፈው ዓመት ውጤት በሙሉ ከውስጥ ተቈልፎ ቀረ። የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ የወረቀቱን ማርክ ሊስት «ምናልባት» ብለው ሳይጥሉ ባያስቀምጡት ኖሮ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ብዙዎቻችን የ10ኛ ክፍል ውጤታችንን የምናሳይበት ማስረጃ አይኖረንም ነበር። ስለዚህ ክበባችን በዚህ አጋጣሚ እሳቸውን በይፋ ያመሰግናል።

ይህ ነገር በድሆች አገር ብቻ የሚደርስ መስሎን ነበር። ስናነብ ግን በዓለም ላይ ስመ ጥር በሆኑት የፕሮግራም ሠሪዎችም ላይ የደረሰ ሆኖ አገኘነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረን በአጭሩ እንናገራለን፤ ዓመቶቹን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1980 ገደማ ሚስተር ሪቻርድ ስቶልማን የተባሉ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠሩ ነበር። በሚሠሩበት ቤት ዜሮክስ ከተባለው ኩባንያ የመጣ አዲስ የማተሚያ ማሽን ገባ፤ ማሽኑ ወረቀት ይነክስ ነበር። በቀድሞው ማተሚያ ላይ እሳቸውና ጓደኞቻቸው ወረቀት ሲነከስ ለአሳታሚው ሁሉ በየኮምፒዩተሩ እንዲነገር አድርገው ፕሮግራሙን አሻሽለውት ነበር። በአዲሱ ላይ ግን ምንጩ ስላልተሰጣቸው ይህን ለማድረግ አልቻሉም። ምንጩ ያለው አንድ ሰው በሌላ ዩኒቨርሲቲ እንዳለ ሰምተው ሄደው ቢጠይቁት፣ ለማንም እንዳልሰጥ ቃል ገብቻለሁ ብሎ መለሳቸው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ የተነከሰ ወረቀት ነው። እሳቸው ግን ከዚያ ውስጥ ትልቅ ነገር አዩ። በ1983 መስከረም ገደማ ግኑ የተባለውን ሁሉም ሰው የሚያነበውና የሚያሻሽለው የኮምፒዩተር ሥርዐት ለመሥራት መነሣታቸውን አስታወቁ። በ1989ም የመጀመሪያውን የግኑ የፈቃድ ውል አወጡ። የውሉ ብልሃት ይህ ነው፤ ፕሮግራሙን የተቀበለ ሰው ያንብበው፣ ይለውጠው፣ ይስጠው፤ ነገር ግን ለውጦ ሲያሰራጨው እሱ ያገኘውን ነጻነት ለሚቀበለውም ሰው መስጠት አለበት። ቀድሞ በአገራችን አንድ ጸሐፊ ከባለ መጽሐፍ ተውሶ መጽሐፍ ሲገለብጥ ባለ መጽሐፉ የጐደለበት ቅጠል አልነበረም፤ የፕሮግራምም ጠባይ እንዲሁ ነው። በሬ ቢሰጡት ከሰጪው ይጐድላል፤ ይህ ግን አይጐድልም።

ከዚህ በኋላ በ1991 በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ማዕከላዊ ፕሮግራም ጻፈ። (ተማሪ ነበርና አንቱ ሳንል እናወራለን፤ ዛሬ አንቱ የሚባል ሰው ነው።) በመጀመሪያ ሲያስታውቅ ለመዝናኛ የሚሠራው እንጂ ትልቅ ነገር እንደማይሆን ተናግሮ ነበር። በ1992 በሚስተር ስቶልማን የፈቃድ ውል ሥር አዋለው። ከዚህ የተነሣ ከየአገሩ ፕሮግራም ሠሪዎች እየተነሡ ማሻሻያ ይልኩለት ጀመር።

የምንናገርለት ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማሻሻያው እየበዛ ሲሄድ ማን ምን እንደ ለወጠ፣ መቼና ለምን እንደ ለወጠ የሚይዝ መዝገብ አስፈለገ። በ2002 ቶርቫልድስ ለዚህ ሥራ ቢትኪፐር የተባለውን መሣሪያ መረጠ። ቢትኪፐር ቢትሙቨር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ንብረት ሲሆን ምንጩ የተዘጋ ነበር። የኩባንያው መሪ ሚስተር ላሪ ማክቮይ ለሊኑክስ ሠሪዎች ያለ ክፍያ እንዲሠሩበት ፈቀዱላቸው። ፈቃዱ ግን ማሰሪያ ነበረበት፤ በነጻ የሚጠቀምበት ሰው ከቢትኪፐር ጋር የሚወዳደር መሣሪያ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ሚስተር ስቶልማንና ሌሎችም ይህ ነገር አይበጅም ብለው ተቃወሙ። ቶርቫልድስ በበኩሉ መሣሪያ የሚመረጠው ሥራውን በደንብ በመሥራቱ ነው የሚል አሳብ ነበረው። እውነቱን ለመናገር ሦስት ዓመት ያህል ሥራው እጅግ ሰመረለት፤ ተቃዋሚዎቹም ያለ ምክንያት የሚጮኹ መስለው ነበር።

በ2005 ሚስተር አንድሩ ትሪጅል የተባሉ አውስትራሊያዊ ከቢትኪፐር ሰርቨር ጋር የሚነጋገር ክፍት ፕሮግራም ለመሥራት ተነሡ። እኚህ ሰው ሳምባ የተባለውን፣ ዊንዶውስና ሌሎች ኮምፒዩተሮች ፋይል እንዲለዋወጡ የሚያደርገውን ፕሮግራም የደረሱ ናቸው። የቢትኪፐርን ውል ያልፈረሙ በመሆናቸው ውሉ አያስራቸውም ነበር። ያደረጉትም ነገር የሚያስቅ ነው፤ ከሰርቨሩ ጋር በተራ መንገድ ተገናኝተው «እርዳታ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፉ፤ ሰርቨሩም የሚያውቃቸውን ትእዛዞች ራሱ ዘርዝሮ ነገራቸው። በሩን የሰበረ ሰው የለም፤ በሩን ቢያንኳኩ ቤቱ ራሱ መለሰ። ኩባንያው ግን ተቈጣና የነጻውን ፈቃድ አነሣ። ቶርቫልድስም በትሪጅል ላይ በአደባባይ ተቈጥቶ ተናገረ። በዚህ ነገር እኛ ከትሪጅል ወገን ነን፤ ክበባችን ውስጥ ከቶርቫልድስ ወገን የሆኑ ሁለት ልጆች ስላሉ ክርክሩ እስካሁን አላለቀም።

የሆነው ሆኖ በዓለም ላይ ትልቁ የኦፕን ሶርስ ሥራ በአንድ ጠዋት መዝገብ አልባ ሆነ። ቶርቫልድስ የሊኑክስን ሥራ ለጊዜው አቁሞ በአፕሪል 3 ቀን 2005 አዲስ መሣሪያ መጻፍ ጀመረ። በአፕሪል 7 ቀን መሣሪያው የራሱን መዝገብ ራሱ መያዝ ቻለ። ስሙንም ጊት አለው፤ ጊት በእንግሊዞች አነጋገር ክፉ ጠባይ ያለውን ሰው መስደቢያ ነው፤ ቶርቫልድስም ሥራዬን ሁሉ በራሴ ስም ነው የምሰይም እያለ ይቀልድበታል። በዚያው ዓመት በጁን ወር የወጣው የሊኑክስ 2.6.12 እትም በጊት ተይዞ የወጣ ነው። በጁላይ ወር ቶርቫልድስ የጊትን ጠባቂነት ጁኒዮ ሃማኖ ለተባሉት ጃፓናዊ አስረከበ። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው ፕሮግራም ሠሪ ሥራውን የሚመዘግበው በጊት ነው፤ እኛም እንዲሁ። ቢትኪፐርም በ2016 ምንጩን ለሁሉ ከፈተ፤ ግን ያን ጊዜ ገበያው ሄዶ ነበር።

ሚስተር ማክቮይን ክፉ ሰው አንላቸውም። ሠራተኞች ነበሯቸው፤ ደመወዝ መክፈል ነበረባቸው፤ የሰጡትም መሣሪያ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሰጪው በፈለገ ሰዓት መልሶ የሚወስደው ነገር በአማርኛ ስጦታ አይባልም፤ ውሰት ነው። የእኛንም ትምህርት ቤት የጐዳው ዋጋው አይደለም፤ ውሰቱን ስጦታ ብሎ መቀበል ነው።

አንድ ወላጅ «እናንተ ልጆች፣ ሁሉ በነጻ ይሁን ካላችሁ ተምራችሁ ምን ልትበሉ ነው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አዲስም አይደለም። በ1976 በፌብሩዋሪ ወር የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ቢል ጌትስ ለኮምፒዩተር ወዳጆች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ ለአልቴር ኮምፒዩተር የሠራነውን ቤዚክ የተባለ ፕሮግራም ሳትከፍሉ እየገለበጣችሁ ነው፤ ያለ ዋጋ የሚደክም ባለሙያ ከየት ይመጣል ሲል ወቅሷቸው ነበር። በሌላ ሰው ፕሮግራም ላይ ያለ ፈቃዱ መገልበጥ ስርቆት ነው፤ እኛም ከሱቅ በፍላሽ እየተገለበጠ የሚሸጠውን የተሰረቀ ፕሮግራም አንደግፍም። ኦፕን ሶርስ ግን ባለቤቱ ወዶ የፈቀደው ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

ስለ እንጀራው ደግሞ ያየነውን እንናገር። ዛሬ ሊኑክስን ከሚጽፉት ሰዎች አብዛኞቹ ደመወዝ የሚከፍሏቸው ኩባንያዎች ናቸው። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ምንጩ ለሁሉ የተከፈተ ፕሮግራም ይዞ አገልግሎቱንና ጥገናውን በመሸጥ ይኖር ነበር፤ አይቢኤም በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ላይ እጅግ ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ በወላጆቻችን ኪስ ያሉት አንድሮይድ ስልኮችም ከሥራቸው ሊኑክስ አለ። የማይክሮሶፍት መሪ የነበሩት ሚስተር ስቲቭ ባልመር በ2001 ሊኑክስን በካንሰር በሽታ መስለውት ነበር፤ ያው ማይክሮሶፍት በ2018 በቶርቫልድስ ጊት ላይ የተመሠረተውን ጊትሃብ የተባለውን ድርጅት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚህ የተረዳነው ኩባንያ አይወድም፣ አይጠላም፤ ያሰላል። ሲያሰላም ከእኛ ጥቅም ጋር የሚገጥምበት ጊዜ አለ፤ የማይገጥምበትም አለ። እኛም ሥራችንን በጊትሃብ ላይ እናስቀምጣለን፤ ቤቱ የሌላ ሰው መሆኑን ስለምናውቅ ግን ሙሉው መዝገብ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይም ይገኛል።

ወላጆቻችን ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጠብ ነው ይሉ ይሆናል። እንግዲህ ወደ ፊደላችን እንምጣ። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በአማርኛ የሚጽፍ ፕሮግራም የሚሸጡ ድርጅቶች ለፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቍጥር ይሰጡ ነበር። ባንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። አባቶቻችን በዚያ ዘመን ከጻፉት ብዙው ጽሑፍ ወረቀቱ ይነበባል፤ ፋይሉ ግን አይነበብም። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ለዓለም ፊደል ሁሉ አንድ ቍጥር የሚሰጠው ስምምነት በሦስተኛው እትሙ 345 የግእዝ ፊደሎችንና ምልክቶችን አስገባ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በማንኛውም አገር፣ በማንኛውም ኩባንያ ማሽን 4608 ነው። ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት አቢሲኒካ የተባለውን የፊደል ቅርጽ፣ ጎግልም ኖቶ የተባለውን ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ፈቅደው አውጥተዋል። ፊደላችን የማንም ኩባንያ ንብረት ሳይሆን መቅረቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ቀን የማን ፊደል ነው ተብሎ ደረሰኝ ሊጠየቅበት ይችል ነበርና።

አሁን ስለ ራሳችን ሥራ እንናገር። የውጤቱ ፕሮግራም ከተዘጋ በኋላ እኛ አምስት ተማሪዎች በሒሳብ መምህራችን መሪነት ሌላ ለመጻፍ ተነሣን። ትምህርት ቤቱ ያሉት ኮምፒዩተሮች አሮጌዎች ስለ ሆኑ ከላያቸው ሊኑክስ ተጫነባቸው። ፕሮግራሙን በፓይተን ቋንቋ ጻፍነው፤ መዝገቡን የሚይዘው ኤስኪውላይት ነው፤ ሁሉም ክፍት ናቸው፤ ለአንዱም ሳንቲም አልተከፈለም። በአዲሱ ፕሮግራም ተማሪው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይመዘገባል። ዓመቱ 13 ወር ነው፤ ጳጉሜንም 5 ቀን ሆና በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ትሆናለች። ጓደኛችንም ስለዚህ ተወልዷል።

የፊደሉ ነገር ግን ብዙ አደከመን። በዩኒኮድ «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ነው፤ ሰው አንድ ድምፅ ሲሰማ ማሽኑ ሦስት ቍጥር ያያል። «ኃይሉ»ም የሚጀምረው በ4739 ስለ ሆነ በ4608 ለሚፈልገው ሰው እንደ ሌላ ስም ነው። ስለዚህ ሲፈለግ ብቻ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ እንዲሁም ሠንና ሰን፣ ዐንና አን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ የሚቈጥር ክፍል ጻፍን። የአማርኛ መምህራችን ነገሩን በሰሙ ጊዜ «እናንተ ደግሞ ፊደል ልታጠፉ ነው?» ብለው ተቈጡን። ስሙ በካርዱ ላይ የሚታተመው ባለቤቱ እንደ ጻፈው መሆኑንና ማመሳሰሉ ለፍለጋ ብቻ መሆኑን ባሳየናቸው ጊዜ ግን ደስ ብሏቸው «ኧ» እና «አ»ን የሚመለከት አንድ እኛ ያላሰብነውን ነገር ጨመሩልን። የተዘጋ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ መምህራችን የሚጨምሩበት ስፍራ አይኖርም ነበር።

ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ ችግር ስላለባቸው ፕሮግራሙን በግኑ የፈቃድ ውል ለሁሉ ለመስጠት የትምህርት ቤቱን ፈቃድ ጠይቀናል። አንዳንድ ወላጆች የልጆቻችን ውጤት ለዓለም ሊታይ ነው ብለው ሰግተዋል፤ ስለዚህ በግልጽ እንናገር። ክፍት የሚሆነው አሠራሩ ነው እንጂ መዝገቡ አይደለም። ድስቱና አሠራሩ ለጎረቤት ይሰጣል፤ ከድስቱ ውስጥ ያለው ግን የቤቱ ነው። መዝገቡ ከመዝገብ ቤት ኮምፒዩተር አይወጣም፤ የይለፍ ቃሉም በእኛ በተማሪዎቹ እጅ የለም።

የዚህ መንገድ ችግርም አለው፤ ሳንናገረው ብናልፍ ማታለል ይሆናል። በ2014 ኦፕንኤስኤስኤል በተባለውና የባንክና የመልእክት ምሥጢር በሚጠብቀው ክፍት ፕሮግራም ውስጥ ከባድ ጉድለት ተገኘ። የኢንተርኔት ብዙው ክፍል የሚደገፍበትን ይህን ፕሮግራም የሚጠብቁት በጣም ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ለዓመታት በነጻ ሲጠቀሙበት ኖረው ለጠባቂዎቹ ያሰቡላቸው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

ከዚህ የባሰው በ2024 የሆነው ነው። ኤክስዜድ የተባለ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ በአብዛኛው ሊኑክስ ውስጥ ይገኛል። ይህን ለብዙ ዓመታት የጠበቀው በትርፍ ጊዜው የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። ከ2021 ጀምሮ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ አንድ ሰው ማሻሻያ እየላከ ይረዳው ጀመር። በ2022 ደግሞ ሌሎች የማይታወቁ ስሞች ብቅ እያሉ ሥራው ዘገየ፣ ረዳት ጨምር እያሉ ጠባቂውን ወተወቱት። በዚህ አኳኋን ጂያ ታን ታምኖ የመጠበቂያው ሥልጣን ተሰጠው። በ2024 መጀመሪያ ላይ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት እትሞች ውስጥ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር በስውር የሚያስገባ በር ተሠርቶ ተገኘ። ያገኙትም ሚስተር አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ናቸው። ሌላ ሥራ ሲሠሩ ወደ ኮምፒዩተር የመግቢያው ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ ያህል እንደ ዘገየ አስተዋሉ፤ ለምን ብለው ተከታተሉት፤ በማርች 29 ቀንም ለዓለም አስታወቁ። ግማሽ ሴኮንድ! ከእኛ መካከል ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ለምን የሚል ስንቱ ነው?

ምንጩ ክፍት በመሆኑ እኚህ ሰው እስከ ሥሩ ድረስ ሊመረምሩት ቻሉ። ነገር ግን ክፍት መሆኑ ብቻውን አልጠበቀውም፤ በሩ ክፍት የሆነ ቤተ መጻሕፍት አንባቢ ከሌለው መጻሕፍቱን ምስጥ ይበላቸዋል። አንድ የደከመ ሰው ብቻውን ሲጠብቀው የኖረ ነገር ለማንም መጣሁ ባይ የተጋለጠ ነው።

ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለዚህ ነው። የትምህርት ቤታችንን ፕሮግራም የሚጠብቁት አምስት ተማሪዎች ናቸው፤ አምስታችንም በዚህ ዓመት መጨረሻ ፈተናችንን ወስደን እንሄዳለን። ፕሮግራሙ ካለ ጠባቂ ቢቀር በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ይበላሽበታል፤ ያን ጊዜም አንድ ኩባንያ በነጻ ብሎ ይመጣል፤ ድካሙም ሁሉ ካለበት ይጀመራል።

ስለዚህ ክቡር ዲሬክተራችን በየዓመቱ ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል ቢያንስ አራት ተማሪዎች ለዚህ ሥራ እንዲመደቡና አንድ መምህርም የሥራ ሰዓት እንዲቈጠርላቸው እንዲያደርጉልን እንለምናለን። ማንም አዲስ ሰው የሚያመጣውን ለውጥ ሌላ ሰው ሳያነበው ወደ መዝገብ ቤት እንዳይገባ ደንብ ጽፈናል፤ ደንቡ በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የፕሮግራሙን አካሄድ የሚያስረዳ 40 ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅተን ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክበናል፤ ወላጆችም በኮምፒዩተር ሥራ የሚተዳደሩ ካላችሁ በወር አንድ ጊዜ መጥታችሁ ብታነቡልን ከገንዘብ መዋጮ ይበልጥብናል።

ታናናሾቻችን ሆይ፤ ሥራ አላለቀም። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የሚመጣ ተማሪ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት ዓይነት ተጽፎ ስለሚመጣ ፕሮግራሙ ሦስት ሰው ያደርገዋል። ሁለት ተማሪዎች እኩል ውጤት ሲያመጡ ከእነሱ ቀጥሎ ላለው ልጅ የሚሰጠው ደረጃ ትክክል አይደለም፤ ባለፈው መንፈቀ ዓመት አምስተኛ መውጣት የሚገባት ልጅ ስድስተኛ ተብላ እናቷ መጥተው ጠይቀዋል፤ ደረጃው በእጅ ታርሞላቸዋል። ምንጩን ከፍታችሁ «ደረጃ» የሚለውን ክፍል ፈልጉ፤ ከ200 መሥመር አይበልጥም። የኮምፒዩተሩ ክፍል ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ይከፈታል፤ እስከ ሰኔ ድረስ እኛም በዚያ አለን።